«ደክሞኛል» ወይስ «ደክሜያለሁ»? የድካምን ቃል በቦታው ስለ ማዋል

አባት ከመንገድ ገብተው ጋደም ብለዋል። ልጃቸው ለወንድሙ ስልክ ደውሎ «አባባ ደክሟቸዋል» ቢለው፣ ወንድሙ «በል ይረፉ፣ ማታ እደውላለሁ» ብሎ ይዘጋል። «አባባ ደክመዋል» ቢለው ግን የያዘውን ሥራ ጥሎ ይነሣል። ፊተኛው ተኝተው ሲነሡ የሚለቃቸውን ድካም ይናገራል። ኋለኛው አቅማቸው ማለቁን፣ እንደ አነጋገሩ ቃና ደግሞ ለሞት መቃረባቸውን ያመለክታል። ግሡ በሁለቱም ያው «ደከመ» ነው፤ የሚለያዩት በቅጥያው ብቻ ነው።

አፉን በአማርኛ የፈታ ሰው ሲናገር ይህን አይስትም። ስሕተቱ የሚመጣው ሲጻፍ፣ ሲተረጎም፣ ውጭ አገር ያደገ ልጅ ሲማር ነው። ከታች ያለው ለሚጽፉ፣ ለሚያርሙ፣ ለሚተረጉሙና ለሚያስተምሩ ነው።

መጀመሪያ፦ ድካሙ መጣበት ወይስ ራሱ ደከመ?

አማርኛ ሰውነት ላይ የሚመጣን ነገር የሚናገርበት የራሱ መንገድ አለው። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ አመመኝ፣ ጨነቀኝ እንላለን። በእነዚህ ሁሉ ግሡ በ«እሱ» መደብ ይቆማል፣ ሰውየው ደግሞ ተሳቢ ሆኖ መጨረሻ ላይ ይቀጠላል። «ደከመኝ»ም ከዚሁ ወገን ነው፦ ደከመኝ፣ ደከመህ፣ ደከመሽ፣ ደከመው፣ ደከማት፣ ደከመን፣ ደከማችሁ፣ ደከማቸው። ለአክብሮት በቅርብ «ደከመዎት»፣ በሩቅ «ደከማቸው» ይባላል።

ሰውየው ባለቤት ሆኖ ሲመጣ ግን ትርጉሙ ይዞራል። ደከምኩ፣ ደከምክ፣ ደከመች፣ ደከሙ ሲባል ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው «አቅም አጣ፣ አረጀ፣ ፈዘዘ» ነው። ሁለተኛው «ለፋ» ነው፦ «ለልጆቿ ብዙ ደከመች» የተባለላት እናት አሁን ደክሟት ላይሆን ይችላል፤ ምናልባትም አርፋ ተቀምጣለች። የተነገረላት ልፋቷ ነው።

በጽሑፍ ላይ የሚያደናግረው የሁለቱ ዝርዝር መቀራረቡ ነው። «ደከመን» ድካም ተሰማን ነው፤ «ደከምን» ለፋን ወይም አቅም አጣን ነው። «ደከመሽ» እና «ደከምሽ»፣ «ደከመህ» እና «ደከምህ» የሚለዩት በመ እና በም ብቻ ነው። ፈጥኖ የሚተይብ ሰው አንዷን በሌላዋ ይቀይራል፣ አራሚውም ሁለቱም ትክክለኛ ቃል ስለሆኑ አይቶ ያልፋል። «ደከማችሁ» ላይ ሲደረስ ደግሞ ልዩነቱ ጭራሽ ይጠፋል፦ «ድካም ተሰማችሁ» እና «ለፋችሁ» በአንድ መልክ ይጻፋሉ፣ በአንድ ድምፅም ይነገራሉ።

መውጫው ቃሉን ወደ «-አል» መልክ መለወጥ ነው። እዚያ ሁለቱ ዝርዝሮች ተለይተው ይቆማሉ።

ድካም ሲሰማ፦ ደክሞኛል፣ ደክሞሃል፣ ደክሞሻል፣ ደክሞታል፣ ደክሟታል፣ ደክሞናል፣ ደክሟችኋል፣ ደክሟቸዋል፣ ደክሞዎታል።

ሲለፉ ወይም አቅም ሲያልቅ፦ ደክሜያለሁ፣ ደክመሃል፣ ደክመሻል፣ ደክሟል፣ ደክማለች፣ ደክመናል፣ ደክማችኋል፣ ደክመዋል።

ሦስተኛዋን ፊደል ይመልከቱ። በፊተኛው ዝርዝር ሁልጊዜ ሞ ወይም ሟ ናት። በኋለኛው ሜ፣ መ ወይም ማ ትሆናለች፤ ከዚህ የሚወጣው «ደክሟል» ብቻ ነው። ስለዚህ «ደክሟችኋል፣ ዕረፉ» ትክክል ነው፤ «ለዚህ ጉባኤ መሳካት ብዙ ደክማችኋል»ም ትክክል ነው። አዘዋውረው ቢጽፏቸው አመስጋኙ እንግዶቹን ሂዱና ተኙ ያላቸው ይመስላል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መታከል አለበት። «ደክሜያለሁ» ለዕለቱ ድካምም የሚነገርበት ጊዜ አለ፣ ግን ክብደት ይጨምራል። ዓመታት ሲታገል የኖረ ሰው «እኔስ ደክሜያለሁ» ሲል አንድ ቀን በማረፍ የማይለቅ ነገር እየተናገረ ነው። በልብ ወለድ ውስጥ ገጸ ባሕርዩ ደረጃ ወጥቶ ሲያለከልክ «ደክሜያለሁ» ከተባለ አንባቢው ከተፈለገው በላይ ያዝንለታል። እዚያ «ደክሞኛል» ይበቃል።

ስሙ ፊት ሲመጣ

«ደከመ» ሰውን ሲገልጽ ሌላ ወጥመድ አለ። «የደከመው ሰው» ሁለት ትርጉም አለው። «-ው» ተሳቢ ከሆነ ድካም የተሰማው ሰው ነው፤ «-ው» የታወቀ ነገር ማመልከቻ ከሆነ ደግሞ ያ አቅም ያነሰው ሰው ነው። በሴት ፆታና በብዙ ቁጥር ግን መደናገሩ አይኖርም፦ «የደከማት ሴት» ዕረፍት ትሻለች፣ «የደከመች ሴት» አቅሟ አልቋል፤ «የደከማቸው ሠራተኞች» እና «የደከሙ ሠራተኞች»ም እንዲሁ። በወንድ ነጠላ ሲጽፉ አሻሚ ከሆነብዎ ዓረፍተ ነገሩን ይክፈቱት፦ «ሰውየው ስለደከመው ተቀመጠ»።

«ደካማ» ደግሞ ሌላ ነው። የሚናገረው ስለ ሁኔታ ሳይሆን ስለ ጠባይ ወይም ስለ ችሎታ ነው። «ደካማ ተማሪ» ውጤቱ ዝቅተኛ ነው፣ «ደካማ መንግሥት» ማዘዝ አይችልም፣ «ደካማ ጎን» ጉድለት ነው። ውጭ አገር ያደጉ ልጆች «እኔ ደካማ ነኝ» ሲሉ ብዙ ጊዜ «ደክሞኛል» ማለታቸው ነው፤ ሰሚው ግን ራሳቸውን የነቀፉ ይመስለዋል። በቀድሞው አማርኛ «ደካማ» የሚለፋና የሚዝል ሰውንም ይጨምር ነበር። በማቴዎስ ወንጌል 11፥28 «እናንተ ደካሞች ሸክማችሁ የከበደ ሁሉ» ሲል የሚጠራው በልፋት የዛሉትን ነው፤ በዛሬው «ደካማ» ትርጉም ካነበቡት ይጠብባል።

ጊዜው

«ደከመኝ»፣ «ደክሞኛል» እና «ይደክመኛል» ተለዋዋጭ አይደሉም።

«ደከመኝ» አሁን፣ በዚህች ቅጽበት የመጣ ነው። ተራራ መሐል ላይ ቆም ያለ ሰው «ደከመኝ!» ይላል። ያለፈንም ይናገራል፦ «ትናንት በጣም ደከመኝ»። «ደክሞኛል» ቀደም ብሎ የመጣና አሁንም ያለ ነው፤ ቤት የገባ ሰው የሚለው ይህን ነው። «ይደክመኛል» የተለመደ ነገር ነው፣ ወይም ወደፊት የሚመጣ፦ «ብዙ ስቆም ይደክመኛል»። መጨመሩን ለመናገር «እየደከመኝ ነው» ይባላል።

በጥያቄና በአሉታ ልዩነቱ ጎላ ይላል። «አልደከመህም?» አሳቢ ጥያቄ ነው። «አይደክምህም?» ግን፣ በተለይ «እንዴ» ከተከተለው፣ ተግሣጽ ሊሆን ይችላል፦ «አንድ ወሬ ስትደጋግም አይደክምህም እንዴ?» የሚተረጉም ሰው የመጀመሪያውን ፈልጎ ሁለተኛውን ከጻፈ ደግ ሰው ተቆጪ ሆኖ ይወጣል።

ከሌላ ግሥ ጋር ሲያያዝ ተሳቢው አብሮ መሄድ አለበት፦ ደክሞኝ ተኛሁ፣ ሲደክመኝ ተቀመጥኩ፣ ሳይደክመኝ ደረስኩ፣ እስኪደክማት ጨፈረች፣ ቢደክመንም ቀጠልን። «ደክሜ ተኛሁ» ስሕተት ነው ባይባልም ሐሳቡን ወደ ልፋት ይስበዋል።

ሰውነትን ለይቶ መናገር

ድካሙ አንድ የአካል ክፍል ላይ ሲሆን ክፍሉ «-ን» ይወስዳል፣ ሰውየውም በግሡ ላይ ይቀጠላል፦ እግሬን ደከመኝ፣ ወገቤን ደክሞኛል፣ ዓይኗን ደከማት። አሠራሩ «ራሴን አመመኝ» ከሚለው አይለይም። «-ን» ወድቆ «ዓይኔ ደከመ» ከተባለ ነገሩ ሌላ ነው፤ የማየት ኃይሌ ቀነሰ ማለት ነው። ዓይኑን የደከመው ሰው ከመጽሐፉ ቀና ይበል፣ ዓይኑ የደከመ ሰው መነጽር ይፈልግ።

ይህ ሐኪም ፊት ትልቅ ዋጋ አለው። «ይደክመኛል» ሰፊ ቃል ነው፤ አንዱ ትንፋሽ ማጠርን፣ ሌላው የጡንቻ መስነፍን፣ ሌላው እንቅልፍ መብዛትን፣ ሌላው ምንም የማድረግ ፍላጎት ማጣትን በዚሁ ቃል ይጠቀልላል። ለሐኪሙ እነዚህ የተለያየ መንገድ የሚያስኬዱ ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ «ይደክመኛል» ካሉ በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ። ምን ሲያደርጉ፦ «ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል»። የት፦ «እጄን ወደ ላይ ማንሣት ያቅተኛል»። መቼ፦ «እንቅልፍ ጠግቤም ጠዋት ደክሞኝ እነሣለሁ»። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና እየጨመረ መሆን አለመሆኑንም ይናገሩ። ቀኑን ሙሉ የሚያንዣብብ ቀላል ስሜት ከሆነ «ድካም ድካም ይለኛል»፣ የሚያንቀላፋ ከሆነ «እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል» የሚሉት ከማንኛውም የመጽሐፍ ቃል ይሻላሉ። «የድካም ስሜት ይሰማኛል» በጤና መጣጥፍ የተለመደ ነው፣ በአፍ ግን የተተረጎመ ይመስላል።

«የልብ ድካም» ለብቻው ይጠቀስ። በሕክምና ትርጉሙ ልብ ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ደም መግፋት ሲሳነው የሚመጣውን፣ ብዙ ጊዜም ቀስ በቀስ የሚጠናውን ሕመም ነው። በየዕለቱ ንግግርና በዜና ግን የልብ ደም ሥር በድንገት ሲዘጋ የሚመጣውንም አደጋ በዚሁ ስም ይጠሩታል። የመጀመሪያው ታማሚ ዓመታት በመድኃኒት ሊኖር ይችላል፤ ሁለተኛው በደቂቃዎች ውስጥ ሐኪም ቤት መድረስ አለበት። የሚተረጉሙ ከሆነ መጀመሪያ ላይ የትኛውን እንደሆነ በአንድ ሐረግ ያብራሩ፣ ከዚያ በኋላ በስሙ ይቀጥሉ።

ድካም እንደ ልፋት

«ድካም» ስሙም እንደ ግሡ ሁለት ፊት አለው። «የጉዞ ድካም» የሰውነት መዛል ነው፣ «የእናት ድካም» ልፋት ነው። በየትኛው ትርጉም እንደገባ ለማወቅ ቃሉን ይተኩ። «ልፋት» ሲገባበት ዓረፍተ ነገሩ ከቆመ ልፋት ነው፦ «ድካሜ መና ቀረ»፣ «የድካሙን ዋጋ አገኘ»። «ዝለት» ከገባበት የሰውነት ነው፦ «ድካሙ አልለቀቀኝም»፣ «ድካም ተጫጭኖታል»። «ጉድለት» ካልሆነ በቀር ምንም የማይገባበት ከሆነ ደግሞ የተፈለገው ቃል «ድክመት» ነበር። «የአሠራር ድካም» ተብሎ የተጻፈ ሪፖርት እንዲህ ያለ ነው፤ «የአሠራር ድክመት» ተብሎ መታረም አለበት። ከዚህ የሚወጣ አንድ ቦታ አለ፤ በጸሎት አነጋገር «ድካሜን ታውቃለህ» ሲባል ሰው መሆንን፣ መውደቅ መነሣትን ነው፣ እዚያ «ድክመቴን» ቢገባ የሥራ ግምገማ ይመስላል።

በልፋት ትርጉሙ «ደከመ» ሁለት ቅጥያዎችን ይወዳል። በ«-ል-» ለማን እንደተለፋ ይነገራል፦ «እናቴ ብዙ ደክማልኛለች»። በ«-ብ-» በምን ላይ እንደተለፋ ይነገራል፦ «ዐሥር ዓመት የደከመበት መጽሐፍ»። ግን «ደከመብኝ» ሲሆን ጉዳትን ያመለክታል፦ «በሬው ደከመብኝ» የሚል ገበሬ በሬው አቅም አጥቶ እሱ መጎዳቱን ነው የሚናገረው። «ልጄ በሒሳብ ደከመብኝ»ም እንዲሁ። «ደከመልኝ» እና «ደከመብኝ» በአንዲት ፊደል ምስጋናና ስሞታ ይሆናሉ።

ትእዛዝና ክልከላ የሚመጣው በዚህ በልፋት ትርጉሙ ነው። «አትድከም» ማለት «አትልፋ፣ ዋጋ የለውም» ነው፦ «በከንቱ አትድከም፣ አይሰማህም»። ለእንግዳ ሲነገር ግን ወዳጃዊ ነው፤ ዕቃ ሊያነሡ የተነሡትን እናት «አይድከሙ፣ እኔ አመጣዋለሁ» ይሏቸዋል። «አይድከምህ» ከዚህ የተለየ ነው፦ ድካም አይሰማህ ማለት ነው። ሥራ ላይ ያለን ሰው ለማበርታት ሲፈልጉ ግን ሁለቱንም መተው ነው፤ ቋንቋው ለዚያ «በርቱ»፣ «አይዟችሁ»፣ «ያበርታችሁ» አለው።

አደከመ፣ አዳከመ፣ ተዳከመ

ድካሙን ያመጣውን ነገር መጥራት ሲፈልጉ «አደከመ» ይግባ። «ሥራው ደከመኝ» አይባልም፤ «ሥራው አደከመኝ» ነው። ይሁን እንጂ በስመ ግሥ «መናገር ደከመኝ»፣ «መጠበቅ ደከመኝ» ይባላል፣ ያኔ ግን ድካሙ ወደ መሰልቸት ያዘነብላል። «አንተ ልጅ አደከምከኝ» የወላጅ ቁጣ ነው፣ «አታድክመኝ» ክርክርን መዝጊያ። በአክብሮት ሲገላበጥ ደግሞ ይለዝባል፦ «አደከምኩዎት» ማለት «አስቸገርኩዎት» ነው፣ መልሱም «ኧረ ምን ድካም አለው» ነው።

«አዳከመ» አቅምን መቀነስ ነው። «ጉዞው ወታደሮቹን አደከማቸው» ከተባለ ካረፉ ይዋጋሉ። «የስንቅ እጥረቱ ወታደሮቹን አዳከማቸው» ከተባለ ኃይላቸው ተነክቷል። በደ እና በዳ መካከል ያለውን ልዩነት ዜና የሚጽፉ ሰዎች ደጋግመው ይስቱታል።

ባለቤቱ ሰው ያልሆነበት ቦታ በአብዛኛው «ተዳከመ» ይመረጣል፦ ገበያው ተዳከመ፣ የብር የመግዛት አቅም ተዳከመ፣ እንቅስቃሴው ተዳከመ። ስለ ሕመምተኛም «ተዳክሟል» ይባላል፤ «ደክሟል» ከሚለው ለዘብ ይላል፣ የማገገም ተስፋ አለበት። ለቤተሰብ ሁኔታውን የሚያስረዳ ሰው ይህን መለየቱ ይጠቅመዋል። ዕቃ ግን በቀጥታ «ይደክማል»፦ ባትሪው ደክሟል፣ ሞተሩ ደክሟል። ዕቃ ድካም ስለማይሰማው «ባትሪው ደክሞታል» የሚባለው ለቀልድ ብቻ ነው።

ምን ያህል?

«በጣም»ን ከመደርደር በፊት ቃሉ ራሱ የያዘውን ደረጃ መጠቀም ያዋጣል። ጥቂት ከሆነ «ደከም ብሎኛል» ይባላል። ከበረታ «ድክም ብሎኛል»፣ ሰውነት በሙሉ ከሆነ «ድክምክም ብሎኛል»። ልብ ይበሉ፣ በእነዚህ ሁሉ ሰውየው አሁንም ተሳቢ ነው። ጎረቤቶቻቸው ግን ባለቤት ያደርጉታል፦ «ድቅቅ ብያለሁ»፣ «ውልቅልቅ አልኩ»፣ «ዝልፍልፍ ብሎ ወደቀ»። የመጨረሻው ራስን ለመሳት ለቀረበ ሰው ብቻ ነው፤ ከቢሮ ለተመለሰ ሰው ይበዛበታል። ብዙ ሰዎች ሲሆኑ «ደካክሞን ነበር» የሚለው ድካሙን ለእያንዳንዱ ያካፍላል።

ጎረቤት ቃላት

«ዛለ» ለጡንቻ ነው። ክንድ ይዝላል፣ ጉልበት ይዝላል፣ ሰውነት ይዝላል፤ ሸክም፣ ረጅም መንገድ፣ ጾም ያዝላሉ። «ጉልበቱ ከዳው» እና «ጉልበቱ ቄጠማ ሆነ» ከድካም በላይ ናቸው፣ ድንጋጤንም ይይዛሉ።

«ሰለቸኝ» ከሰውነት የሚመጣ አይደለም። ነገሩ ራሱ ባለቤት ይሆናል፦ ወሬው ሰለቸኝ፣ ምግቡ ሰለቸኝ፤ በሴት ጾታ «ከተማዋ ሰለቸችኝ»። እዚህ ላይ ከ«ደከመኝ» ጋር ያለው የሰዋስው ልዩነት ይታያል፤ «ደከመችኝ» የሚባል የለም። «አድካሚ» እና «አሰልቺ»ም እንዲሁ ይለያሉ። ድንጋይ መፍለጥ አድካሚ ነው፣ አንድን ቅጽ መቶ ጊዜ መሙላት አሰልቺ ነው።

«ታከተኝ» በሁለቱ መካከል ነው፤ መድከምም መሰልቸትም፣ ከዚያ በላይ ደግሞ መተው መፈለግ አለበት። «እሱን መምከር ታከተኝ» ያለ ሰው ከእንግዲህ አይመክርም። ከዚሁ ሥር የወጣው «ታካች» ግን በቀድሞው አጻጻፍ ሰነፍ ማለት ነው፤ በመጽሐፈ ምሳሌ 6፥6 ወደ ጉንዳን ሂድ የተባለው «ታካች» የደከመው ሰው ሳይሆን ሥራ የሚጠላው ነው። «አታካች» ደግሞ ሥራው ነው። ከ«ታከተኝ» የሚብሱት «መረረኝ»፣ «አንገሸገሸኝ» እና «አንገፈገፈኝ» ከድካም ወጥተው ወደ ጥላቻ ገብተዋል።

«ደበረኝ» በወጣቶች አፍ ሁሉንም እየተካ ነው። በጨዋታ አያስከፋም። ጽሑፍ ላይ ግን «ድብርት» የአእምሮ ሕመም ስም እየሆነ ስለመጣ፣ የደከመውን ሰው «ደብሮታል» ማለት ሌላ ጥርጣሬ ያመጣል።

«ድኩም» እና «ድኩማን» አካል ጉዳት ላለባቸው ሰዎች ይውሉ ነበር። ዛሬ በ«አካል ጉዳተኛ» ተተክቷል፤ የድሮ ሰነድ ካልጠቀሱ በቀር አይጠቀሙበት።

ልጅ ሲያስተምሩ

ከዝርዝር አይጀምሩ። «ራበኝ»፣ «ጠማኝ»፣ «ደከመኝ»ን ሳይሰነጥቁ እንደ አንድ ቃል ያስይዙ። ከዚያ «ደከመህ?» ብለው ሲጠይቁ ልጁ «አዎ፣ ደከመህ» ብሎ የሰማውን ይመልሳል፤ ቅጥያው የሚያመለክተውን ሰው ገና አላየም። ማረሚያው ሦስተኛ ሰው ማስገባት ነው። አሻንጉሊት አስተኝተው «ደከማት» ይበሉ፣ ከዚያ ወደ ራስዎ ጠቁመው «ደከመኝ»፣ ወደ እሱ ጠቁመው «ደከመህ»። ሦስቱ ሲለዩለት አሉታውን ያምጡ፦ አልደከመኝም። «ደክሞኛል» ይከተላል። «ደከምኩ»ን እስኪያነብ ድረስ ቢያቆዩት ምንም አይጎድልበትም፤ ቀድመው ካስተማሩት ግን ከሌላው ቋንቋው ጋር ስለሚገጥምለት ለሁሉም እሱን ይይዛል፣ ማስለቀቁም ያስቸግራል።

ስሙ «-ን» ይኑረው አይኑረው ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ይኖራል። «ልጁን ደከመው» ሰዋስውን ይጠብቃል፤ «ልጁ ደከመው»ም ሁሉም የሚለው ነው። ሁለቱንም ይቀበሉ፣ ግን በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አያደባልቋቸው።

ስለ አንድ የተለመደ ሐረግ

«ደከመኝ ሰለቸኝ ሳይል» በምስጋና ንግግር፣ በሽኝትና በሕይወት ታሪክ የማይጠፋ ነው። የሚዛባው ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው። «ደከመኝ ሰለቸኝ» ሰውየው ሊል ይችል የነበረው ቃል ነው፣ ስለዚህ «-ኝ» አይነካም። የሚለወጠው «አለ» ብቻ ነው፦ ደከመኝ ሰለቸኝ ሳትል አስተማረች፣ ደከመኝ ሰለቸኝ ሳይሉ አገለገሉ፣ ደከመኝ ሰለቸኝ ሳንል እንሠራለን። «ደከማቸው ሰለቻቸው ሳይሉ» እና «ደከመን ሰለቸን ሳንል» እየተጻፉ ይታያሉ። ሁለተኛው በብዙ ቁጥር የተነገረ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል፤ የመጀመሪያው ግን ሌላ ሰው ደከማቸው ብለው አልተናገሩም የሚል ትርጉም ይሰጣል። ሐረጉ በአንድ ንግግር ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ የመጣ እንደሆነ «ሳይታክቱ» ወይም «ያላሰለሰ ጥረት» ይተካው።